ልጄን «ደደብ» አልኳት፤ አሁን ምን ልበላት?

ጥያቄ፦ «የ38 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ሥራ ቦታ ትዕግሥተኛ ይሉኛል። ቤት ስገባ ግን ሌላ ሰው ነኝ፤ በትንሽ ነገር ቱግ እላለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት የ11 ዓመት ልጄን ሒሳብ ሳስጠና ‹አንቺ ደደብ ነሽ! ስንት ጊዜ ነው የሚነገርሽ?› ብዬ ደብተሯን ወረወርኩት። ከዚያ ወዲህ የምታናግረኝ በእናቷ በኩል ነው። እጸልያለሁ፣ እጾማለሁ። ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ስግደት ሰጥተውኛል። ግን ያው ነኝ፤ እንዲያውም በጾም ይብስብኛል። መቆጣት በራሱ ኃጢአት ነው? አባት ሆኜ ልጄን ይቅርታ ብጠይቅስ አትንቀኝም?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ በዕድሜ ስለምበልጥህ «አንተ» እልሃለሁ፤ አትቀየመኝ።

በቤተሰብ ምክር ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ወደ እኔ የሚመጡ አባቶች አብዛኞቹ «ትንሽ ተቆጣሁ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ምን እንዳሉ ስጠይቃቸው ትዝ አይላቸውም። አንተ ግን ያልከውን ቃል በቃል ጽፈኸዋል። ደብተሩን እንኳን አልደበቅክም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መቆጣት ኃጢአት ነው ወይ ላልከው፣ ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች «ተቆጡ ኃጢአትንም አታድርጉ» ነው ያላቸው። ቁጣ እንደሚመጣ ያውቃል። ጌታችንም ተቆጥቷል። ማርቆስ ምዕራፍ 3 ላይ በምኩራብ ውስጥ እጁ የሰለለች ሰው ነበር። ፈሪሳውያኑ በሰንበት ይፈውሰው እንደሆነ ሊከሱት ይጠባበቃሉ። ጌታም በቁጣ ዙሪያውን ተመለከታቸው ይላል፤ ስለ ልባቸው ድንዛዜም አዘነ። ከዚያ ሰውየውን «እጅህን ዘርጋ» አለው፤ እጁም ዳነች። የእሱ ቁጣ ፈውስ ሆኖ ወጣ። የእኛ ደብተር ሆኖ ይወረወራል።

እዚህ ላይ አማርኛችንም ትንሽ ያሳስተናል። «ተቆጣ» ስንል ተናደደ ማለታችን ነው፤ ገሠጸ ማለታችንም ነው። አባቱ የማይቆጣው ልጅ ሥርዓት ያልተማረ ልጅ ነው። ስለዚህ ብዙ አባት የራሱን ንዴት እያወጣ ልጅ እያሳደገ ይመስለዋል። ደግሞ ቁስልም ይቆጣል። ቁስል ተቆጣ ከተባለ ውስጡ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው። ወደዚህኛው እመለሳለሁ።

አሁን ደስ የማይል ነገር ልንገርህ። ቁጣህ የማይለቅህ ስለሚሠራልህ ነው።

እስቲ አስታውስ። ያን ማታ ስትጮህ ቤቱ ጸጥ አላለም? ትንሹ ልጅህ ቴሌቪዥኑን ቀነስ አላደረገም? በጩኸት ጫማ ከመንገድ ይነሣል፣ እራት ቶሎ ይቀርባል፣ የቤት ሥራ ይሠራል። ውጤቱ ወዲያው ነው። ዋጋው ግን ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ይኸው አንተ ጋ በሁለተኛው ሳምንት መጣ።

ይህን ነገር ከሁሉ አስበልጦ የሚያሳየኝ የሙሴ ታሪክ ነው፤ ዘኍልቍ ምዕራፍ 20 ላይ። ሕዝቡ ውኃ አጥቶ ያጉረመርማል። እግዚአብሔር ሙሴን ዐለቱን ተናገረው ይለዋል። ሙሴ ግን ሕዝቡን «እናንተ ዓመፀኞች» ብሎ ዐለቱን በበትሩ ሁለት ጊዜ መታው። ውኃውስ? ወጣ። ብዙ ውኃ ወጣ፤ ሰዉም ከብቱም ጠጣ። በዚያ ሰዓት አንድ ሰው ሙሴን «ቁጣህ ምን አመጣልህ?» ቢለው «ውኃ!» ይለው ነበር። ነገር ግን በዚያ ቀን ምክንያት ወደ ተስፋይቱ ምድር ሳይገባ ቀረ። መዝሙረኛው ኋላ ይህን ሲያነሣ ሙሴ በከንፈሩ መሳቱን ነው የሚጠቅሰው። ያውም ያ ሰው በምድር ላይ ካሉት ሁሉ ይልቅ ትሑት የተባለ ሰው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል። የዚያው ምዕራፍ የመጀመሪያ ቁጥር ማርያም መሞቷንና መቀበሯን ይናገራል። እህቱ ናት። በሕፃንነቱ ወንዝ ዳር ቆማ የጠበቀችው እህቱ። መጽሐፉ ሁለቱን ነገር አያያይዝም፤ ይህ የኔ አነባበብ ነው። ግን ቁስል ይቆጣል ያልኩህን አስብ። ድንጋዩ ላይ ያረፈው በትር ከሐዘን ቤት የመጣ ሊሆን ይችላል። አንተስ ሒሳቡ ላይ ከመድረስህ በፊት ምን ይዘህ ነበር የገባኸው? የቤት ኪራይ? ሥራ ቦታ የዋጥከው ነገር? «ትዕግሥተኛ ይሉኛል» ያልከው ቃል ለኔ ትንሽ ጠርጠር ያሰኛል። ቀኑን ሙሉ የሚዋጥ ነገር ማታ አንድ ቦታ ይወጣል። የሚወጣው ደግሞ መልስ ሊሰጥ በማይችል ሰው ላይ ነው።

ይህም ሆኖ ከጥያቄህ ውስጥ ተስፋ የሚሰጠኝ ይኸው «ትዕግሥተኛ ይሉኛል» ያልከው ቃል ራሱ ነው። አለቃህን «ደደብ ነህ» ብለኸው ታውቃለህ? አታውቅም። አልተናደድክበትም ማለት ግን አይደለም። ስለዚህ አፍህ ላይ ዘበኛ አለህ። በደንብም ይሠራል። ችግሩ የቀን ሠራተኛ ነው፤ 12 ሰዓት ሲል አሰናብተኸው ወደ ቤት ትገባለህ።

ዳዊት የሚጸልየው ስለዚሁ ዘበኛ ነው፤ መዝሙር 140 ላይ። በግእዙ «ሢም እግዚኦ ዐቃቤ ለአፉየ» ይላል። አቤቱ፣ ለአፌ ጠባቂ አኑርለት ማለት ነው። የጸሎቱን ቅደም ተከተል እይልኝ። መጀመሪያ አፉን ይላል፤ በሚቀጥለው ቁጥር ልቡን። እኛ ብዙ ጊዜ ገልብጠን ነው የምንጸልየው። «ጌታ ሆይ፣ ልቤን ለውጥልኝ» እንላለን፤ ልባችን እስኪለወጥ ድረስ አፋችን ክፍት ነው። ልብ ጊዜ ይወስዳል። አባ አሞናስ የሚባሉ የግብጽ በረሃ አባት ቁጣን እንዲያሸንፉ እግዚአብሔርን ሌትና ቀን እየለመኑ በአስቄጥስ 14 ዓመት መቆየታቸውን ተናግረዋል። ዓለምን ትተው የወጡ መነኩሴ ናቸው። አንተ በኪራይ ቤት፣ ከሁለት ልጅ ጋር፣ «ያው ነኝ» ብለህ አትደንግጥ። ስለ አባ አጋቶን ደግሞ ዝምታን እስኪለምዱ ሦስት ዓመት ድንጋይ በአፋቸው ይዘው እንደነበር ይነገራል። ድንጋይ ጉረስ እያልኩህ አይደለም። ግን እሳቸውም ከአፍ ነበር የጀመሩት።

እንግዲህ ዘበኛውን ማታም እንዴት እናሠራው?

ቁጣን ከአንተ ቀድሞ የሚያውቀው ሰውነትህ ነው። አንዱ ጆሮው ይግላል፤ ሌላው መንጋጋው ይነክሳል፤ ሌላው ድምፁ ይቀጥናል። የአንተን ምልክት ባለቤትህን ጠይቃት፤ ታውቀዋለች። በዚያ ሰዓት አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ጆን ጎትማን የሚባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ባለትዳሮች ሲከራከሩ የልብ ምታቸውን ለብዙ ዓመታት ሲለኩ ኖረዋል። ልብ በደቂቃ ከ100 በላይ መምታት ሲጀምር ሰው የሚባለውን በቅጡ አይሰማም ይላሉ። ለመብረድም ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ያዕቆብ «ለመስማት የፈጠነ፣ ለመናገር የዘገየ፣ ለቁጣም የዘገየ» ሲል መስማትን ያስቀደመው ያለ ነገር አይደለም። ደም ከፈላ በኋላ ጆሮ የለም።

ስለዚህ ምልክቱን ስታይ ተነሥ። ግን አነሣስ አለው። በር በርግዶ መውጣት ያው ስድብ ነው። ዝም ብሎ መጥፋትም ኩርፊያ ይመስላል፤ ልጅ ደግሞ ኩርፊያን «አባዬ አይወደኝም» ብላ ነው የምትተረጉመው። እንዲህ በላት፦ «አሁን ተናድጃለሁ። ወጣ ብዬ እመለሳለሁ።» አለቀ። ከዚያ ግቢ ውስጥ ውጣ። 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በል፤ በጣትህ እየቆጠርክ፣ እያንዳንዱን በአንድ ረጅም ትንፋሽ። ቀስ ካልክ አራት አምስት ደቂቃ ይወስዳል። አየር ቀስ ብሎ ሲወጣ ልብም ይረጋል። ካልበረደልህ ድገመው፤ 20 ደቂቃው እስኪሞላም ቢሆን። ከዚያ እንዳልከው ተመለስ፤ ካልተመለስክ በሚቀጥለው አታምንህም።

ውጭ ቆመህ ግን ነገሩን አታብስለው። «እንዴት ይህ አይገባትም? የማን ልጅ ናት?» እያልክ ከሆነ 20 ደቂቃው ማገዶ መጨመሪያ ነው። «ይውጣልኝ» የሚሉትን ነገርም አትመን። ብራድ ቡሽማን የተባሉ ተመራማሪ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ተማሪዎችን አናድደው፣ ከፊሎቹን ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት እንዲደበድቡ አደረጉ። ዝም ብለው ከተቀመጡት ይልቅ የደበደቡት ናቸው ተናድደው የተገኙት። መጽሐፈ ምሳሌ 29 ላይም ሰነፍ ቁጣውን ሁሉ ያወጣል፣ ጠቢብ ግን ያስቀረዋል የሚል ቃል አለ።

«በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» የሚለው የጳውሎስ ቃልስ? ይህችን ጥቅስ ይዘው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ድረስ የሚጨቃጨቁ ባለትዳሮች አውቃለሁ። «ሳንጨርስ አንተኛም!» ይላሉ። ጳውሎስ ቁጣውን አታሳድሩት አለ እንጂ ክርክሩን ዛሬውኑ ጨርሱ አላለም። እሱ የጠቀሰው መዝሙር 4 ራሱ በመኝታችሁ ሳላችሁ በልባችሁ አስቡ ይላል። አቢግያን ተመልከት፤ 1ኛ ሳሙኤል 25። ባሏ ናባል ዳዊትን ሰድቦ፣ ዳዊት 400 ሰው ሰይፍ አስታጥቆ እየመጣ ነው። እንጀራና ጠጅ ጭና ሮጣ መንገድ ላይ አገኘችው፤ በለሰለሰ ቃል መለሰችው። ያኔ አንድ ደቂቃም አላባከነችም። ቤት ስትመለስ ግን ናባል እየጠጣ፣ ሞቅ ብሎታል። እስኪነጋ ድረስ ጥቂትም ብዙም አልነገረችውም። ያቺው ሴት በዚያው ቀን አንዱን ቃል አሮጠችው፣ ሌላውን አሳደረችው። ለሒሳቡም ነገ ጠዋት አለ።

ስለ ጾም ያነሣኸው አያሳፍርም። ብዙ ሰው ጋ አለ፤ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። ከፊሉ የሥጋ ነገር ነው። ቡና የለመደ ሰው ቡናው ሲቀርበት ራሱን ያመዋል፣ ይነጫነጫል። በዚያ ላይ ሌሊት ለጸሎት ተነሥተህ፣ ሳትቀምስ ውለህ፣ ታክሲ ተሰልፈህ ትገባለህ። በዚህ ሁኔታ ክፍልፋይ ማስጠናት ራስን መፈተን ነው። እንደኔ እንደኔ፣ በጾም ወራት ሒሳቡን ለእናቷ ልቀቅ ወይም ወደ ቅዳሜ ጠዋት አዙረው። ኢሳይያስ 58 ላይ እግዚአብሔር የሚወቅሳቸው ለጠብና ለክርክር የሚጾሙትን ነው። ከምሳ ሰዓትህ ይልቅ የልጅህ ፊት ያሳስበዋል ብዬ አምናለሁ።

ለንስሐ አባትህም አንድ ነገር ጨምርላቸው። ስትናዘዝ «ተቆጥቻለሁ» ብቻ ብለህ ከሆነ ስግደቱን የሰጡህ ለቁጣ ነው። ለኔ የጻፍከውን ዐረፍተ ነገር እንዳለ ንገራቸው። በጾም እንደሚብስብህም ንገራቸው። መድኃኒቱ እንደ በሽታው ነው።

ወደ ቃሉ እንምጣ። ማቴዎስ ምዕራፍ 5 ላይ ጌታ ወንድሙን «ጨርቃም» የሚለውን የሸንጎ ፍርድ ይገባዋል ይላል። «ደንቆሮ» ለሚለው ደግሞ ከዚያ የከፋ። ልጅ ሆኜ ይህን ሳነብ ይገርመኝ ነበር። ስለ መግደል ሲያስተምር ቆይቶ እንዴት ወደ ስድብ ዘለለ? አሁን ከስንት ሰው ጋር ቁጭ ብዬ፣ የ50 ዓመት ሰው አባቱ በ9 ዓመቱ ያለውን አንድ ቃል እያነሣ ሲያለቅስ አይቼ፣ አይገርመኝም።

ከስድቡ ይልቅ የምታስፈራኝ «ነሽ» የምትለዋ ትንሽ ቃል ናት። «ይህን ተሳስተሻል» ብትላት ስለ ሒሳቡ ነው፤ ላጲስ አለ። «ደደብ ነሽ» ስትላት ፍርድ ነው። ልጅ ደግሞ ማን እንደሆነች የምታውቀው ከአባቷ አፍ ነው። «ሁልጊዜ»፣ «መቼም»፣ «እንደ እናትሽ» የሚሉትም የዚችው ቤተሰቦች ናቸው። እነዚህን ቃላት ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን ዘበኛው እንዳያሳልፋቸው እዘዘው። «ስንት ጊዜ ነው የሚነገርሽ?» ደግሞ ጥያቄ አይደለም። ልጅቷ «ሰባት ጊዜ» ብትልህ ምን ልታደርግ ነበር?

በምትኩ ምን ይባላል? ቀላል ነገር። «እዚህች ጋ ተያዝን። እኔም ደክሞኛል። ነገ ጠዋት እንየው።» ጥፋት አጥፍታ ከሆነም ተናገራት፤ ዝም በል አላልኩህም። ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ የተናገረውን አይተሃል? ክፉ ተናግሬ እንደሆነ መስክር፣ መልካም ከሆነ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ? አለው የመታውን ሰው። አልተሳደበም፤ ነገሩን ግን አልዋጠውም። ስለተደረገው ነገር ጠየቀ። ሥራ ቦታ ለምትውጠው ነገርም ይህ አነጋገር ይሆንሃል።

አሁን ልጅህ። ይቅርታ ብጠይቅ ትንቀኛለች ብለህ ትፈራለህ። ወንድሜ፣ ለሁለት ሳምንት በእናቷ በኩል ነው የምታናግርህ። ከዚህ በላይ ምን ይመጣል? ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ሲል «ወንድምህ ታናሽ ካልሆነ» የሚል አልጨመረበትም። ጳውሎስም ለቈላስይስ ሰዎች ሲጽፍ አባቶችን ለብቻ ጠርቶ ነው «ልባቸው እንዳይዝል ልጆቻችሁን አታበሳጩአቸው» ያለው። የዛለ ልብ ጎበዝ ልጅ ይመስላል፤ ዝም ይላል፣ ይታዘዛል፣ ራቅ ብሎ ይቀመጣል።

አጠያየቁ አጭር ይሁን። አጠገቧ ተቀመጥ፤ ከላይዋ አትቁም። «ደደብ ነሽ ያልኩሽ ውሸት ነው። ደደብ አይደለሽም። ደብተርሽንም መወርወር አልነበረብኝም። ይቅርታ አድርጊልኝ።» እዚህ ላይ አቁም። «ግን አንቺም...» ብለህ ከቀጠልክ የጠየቅከው ይቅርታ ሳይሆን ክስ ይሆናል። «ይቅር ብዬሃለሁ በይ፣ ሳሚኝ» ብለህም አታስገድዳት። ታናሽየው ስድቡን ሰምቶ ከሆነ ይቅርታውንም ይስማ። ስጦታም አትግዛ። እኔ አንድ ጊዜ ልጄ ላይ ጮኼበት፣ ቃሉ ከብዶኝ በማግሥቱ ኬክ ገዝቼ ገባሁ። «ዛሬ የማን ልደት ነው?» አለኝ። ኬኩን በላን፤ ይቅርታውን ግን የጠየቅኩት ከሳምንት በኋላ ነው።

ሳልነግርህ የማላልፈው ነገር አለ። እጅህን አንሥተህ የምታውቅ ከሆነ፣ ባለቤትህ ስትገባ የምትፈራህ ከሆነ፣ መጠጥ ካለበት፣ ወይም እንቅልፍ እያጣህ ሁሉ ነገር እየጨለመብህ ከሆነ፣ ይህ ጽሑፍ አይበቃህም። ድባቴ ወንዶች ላይ ብዙ ጊዜ ንዴት መስሎ ነው የሚታየው። ሐኪም ጋ ሂድ። ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም ነበር፤ ማንም እምነቱን አልጠረጠረበትም።

ልጅህ ይቅርታህን ሰምታ «እሺ» ብላ ብትሄድ አትከተላት። ሁለት ሳምንት የቆየ ነገር በአንድ ማታ አይፈታም። የወረወርከው ደብተር ግን ሽፋኑ ተቀድዶ ይሆናል። የተረፈ የደብተር መሸፈኛ ወረቀት ካለ አምጣና እራት ላይ፣ ሁሉም ባለበት፣ ቁጭ ብለህ ሸፍነው። ስትሸፍን ቆማ ብታይህም ምንም አትበላት።